ሳሙና ያልነካው ግድግዳ

ባሌን የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠራው «ሳሙና» እያለ ነው። እውነተኛ ስሙን የምናውቀው እኔና ታላቅ እህቱ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ እኛም ብንሆን ረስተነዋል ማለት ይቻላል።

ሥራው ቀለም መቀባት ነው። ሌላው ቀለም ቀቢ ሥራ ቦታ ሲደርስ ቀለሙን በጥብጦ ብሩሹን ያነሳል። የእኔው ሰውዬ ግን መጀመሪያ ባልዲ ሙሉ ውሃ፣ ሳሙናና ጨርቅ ያስመጣና ግድግዳውን እንደ ሕፃን ገላ ከላይ እስከ ታች ያጥበዋል። ከዚያ እስኪደርቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ባለቤቶቹ ትዕግሥታቸው አልቆ «ሰውዬ፣ ቀለም ቅባ አልንህ እንጂ እጠብ አልንህ?» ሲሉት ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም። ለእኔ ግን አስረድቶኛል። ሰው ሳይታወቀው ግድግዳ ይነካል፣ ይደገፋል፣ ከምድጃ የሚነሳ ቅባትም ይለጠፍበታል፤ ቀለም ደግሞ ቅባት ላይ አይይዝም። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ቤቱ ሲገባ ሻይ የጠጣበትን ብርጭቆ ማጠብ እንዴት እንደሚያቅተው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እህቱን «እትዬ» ነው የምንላቸው፣ እሱም እኔም። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር፤ አባት ደግሞ ቀድሞ ሞቷል። ያሳደጉት እትዬ ናቸው። ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ሆነው ተቀጥረው፣ እሱን በታጠቡ አንሶላዎች ክምር ላይ እያስተኙ ሲሠሩ ኖሩ። ሳሙና ሲሸተው እንቅልፉ ይመጣል፤ ይህን ቀልዴን ነው አትበሉ፣ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። እትዬ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን በረኪና ውስጥ ሲነከር የኖረ እጃቸው እየተሰነጣጠቀ ስለሚያማቸው ጠዋት ማታ ቫዝሊን ይቀቡታል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ይህ ልማድ አልለቀቃቸውም።

ንጽሕናቸውማ ለጉድ ነው። እኔ እቤታቸው ስሄድ የምቀመጠው ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ተነስቼ ስወጣም የተቀመጥኩበትን ዞር ብዬ አያለሁ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አንዋደድም ነበር። እሳቸው ወንድማቸውን ለእኔ ያዋሱኝ እንጂ የሰጡኝ አይመስላቸውም። በዚያ ላይ በቅርቡ ገበያ መንገድ ላይ ተገናኝተን፣ ጎንበስ ብዬ ሰላም ልላቸው ስል፣ እንዳላዩ ሆነው በአጠገቤ አለፉ። ኩራት ነው ብዬ ከልቤ አኮረፍኩ። ባሌ ሊያስታርቀን ሲሞክርም «ተወኝ፣ እኔ የመንገድ ድንጋይ ነኝ እንዴ?» ብዬው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው የእትዬ ኮሪደር ቀለም መላጥ ሲጀምር ነው። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ከመኝታ ክፍላቸው ይነሳና ወደ ኩሽና በምትወርድ አንዲት ደረጃ ያልቃል። የቀባው ባለፈው ዓመት ራሱ ሳሙና ነው። ቀለሙ መጀመሪያ ፊኛ ፊኛ እያለ አበጠ፣ ከዚያ እየተጠቀለለ ይረግፍ ጀመር። አንድ ቀን የእትዬ ልጅ ሊጠይቃቸው መጥቶ ያንን አየ።

ልጃቸው አንድ ነው። ሌላ ከተማ፣ ፎቅ ላይ ይኖራል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ያስቸገረንም ጥሩነቱ ነው። ወደ ከተማው ከተመለሰ በኋላ ደውሎ፣ «አጎቴ፣ ያ ግድግዳ እርጥበት ነው። እናቴ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አትኖርም፤ ሳል ይዟታል። በደንብ እይልኝ። እርጥበት ከሆነ በወሩ መጨረሻ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ቤቱም ይሸጣል» አለው።

እትዬም ይህን ሰሙ። በማግስቱ ባሌ ሊሰናበታቸው ሲል እጁን ያዙትና «ከዚህ ቤት አታስወጡኝ» አሉት። ዕድሜ ልካቸውን እሱን አንድ ነገር ለምነውት አያውቁም። እቤት ሲመጣ እራቱን አልበላም፤ እኔም አልጨቀጨቅኩትም።

ከዚያ ወዲያ ሳሙና ሥራውን ትቶ የዚያን ግድግዳ ነገር ተያያዘው። እኔም መሰላል ለመያዝ አብሬው እሄድ ነበር፤ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል ብዬ ነው እንጂ ለእትዬስ አልነበረም። ጣሪያው ላይ ወጥቶ እየዳሰሰ ፈተሸ፤ አያፈስም። የውሃው ቧንቧ በየት በኩል እንደሚሄድ ተከትሎ አየ፤ ከኮሪደሩ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ጎረቤት ሄዶ ከግድግዳው ጀርባ ምን እንዳለ ጠየቀ፤ የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው፣ መጽሐፎቹም ደረቅ ናቸው። በመጨረሻ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጎ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ላስቲኩ ከኋላው ላብ ካወጣ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው። ከፊቱ ካወጣ ከክፍሉ አየር ነው።»

«ካላወጣስ?»

«ካላወጣ እንግዲህ እንጃ።»

ለቀናት ከቆየ በኋላ ላጠው። ከፊትም ከኋላም ደረቅ ነው። እኔ ደስ አለኝ፤ እርጥበት ካልሆነ እትዬ አይሄዱም ብዬ። እሱ ግን ምክንያቱን ሳያገኝ ለልጁ ምን ብሎ ይንገረው? «ቀለሙ ነዋ፣ የተበላሸ ሸጠውልህ ነው» አልኩት። ከዚያው ከአንዱ ጣሳ የራሳችንን መኝታ ክፍል እንደቀባ አስታወሰኝ፤ የእኛ ግድግዳ ምንም አልሆነም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እርሳስ አውጥቶ የተላጠውንና ያበጠውን ሁሉ እየዞረ አሰመረበት። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ጀርባውን ለማዶው ግድግዳ ሰጥቶ ቆመ። እኔም አጠገቡ ቆምኩ። መላጡ ለካ እንደ መቀነት ነው። ከወገብ በላይ፣ ከደረት በታች፣ ከመኝታ ክፍሉ በር ተነስቶ እስከ ኩሽናው ደረጃ ይሄዳል። ቁም ሳጥኑ ያለበት ቦታ ላይ ይቋረጥና ከቁም ሳጥኑ ማዶ ይቀጥላል። ከላይም ከታችም ያለው ቀለም ደህና ነው። የማዶው ግድግዳ ደግሞ ጭረት እንኳን የለውም።

«ውሃ እንዲህ ቀበቶ ታጥቆ አይሄድም» አለ።

ጣቱን ውሃ ነክሮ በተላጠው ቦታ ላይ ጠብ አደረገ። ውሃው አልሰረገም፤ ድቡልቡል ብሎ ቆየና ተንከባለለ። የረገፈ ቀለም ከመሬት አንስቶ ጀርባውን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፤ ከዚያ አሸተተው። ለእኔም ሰጠኝ። ቫዝሊን ቫዝሊን ይላል።

ሳሙና ባዶ ባልዲ ገልብጦ ላዩ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ ቀላ። «አላጠብኩትም» አለ ቀስ ብሎ።

«ምኑን?»

«ይሄንን ግድግዳ። ሳላጥበው ነው የቀባሁት።»

እኔ ሳቄ መጣ፣ ግን ፊቱን ሳይ ዋጥኩት። የሰፈሩን ግድግዳ ሁሉ ያጠበ ሰው የእህቱን ግድግዳ ዘሎታል። የሆነው እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት እንደ ልማዱ ባልዲውን ሞልቶ ገባ። ኮሪደሩ መሐል ሲደርስ ግን እግሩ ተያዘ። የእትዬን ግድግዳ በሳሙና ማጠብ ማለት «ቤትሽ ቆሻሻ ነው» ማለት መስሎ ታየው። እሱን በንጹሕ አንሶላ ላይ አስተኝታ ያሳደገችውን ሴት! በዚያ ላይ ግድግዳው ሲያዩት እንደ መስታወት ያበራል፣ አንድ ጥቁር ነገር የለበትም። የእሳቸው እጅ መቼ ቆሽሾ ያውቅና ምልክት ይተዋል? ውሃውን ደጅ ደፍቶ ተመለሰና ቀባው።

«በቃ ተገኘ እኮ» አልኩት። «ቫዝሊኑ ነው። ለልጁ ንገረውና እንገላገል።»

እሱ ግን ግድግዳውን ማየቱን አልተወም። «እሺ፣ ቫዝሊን ይሁን። ግን ሰው በር አጠገብ ይነካል፣ የመብራት ማብሪያና ማጥፊያው ጋ ይነካል። ኮሪደሩን ሙሉ ምን ብሎ ይነካል?» አለ።

ይህን እያለ መሰላሉን አንስቶ እዚያው የተላጠው ግድግዳ ላይ አስደገፈው። በዚህ ጊዜ እትዬ ከኩሽና ሻይ ይዘውለት መጡ። በአንድ እጃቸው ብርጭቆውን ይዘዋል፤ ሌላው እጃቸው ግድግዳው ላይ ነው። ደረጃዋን ወጡ። ዝም ብለው፣ ቀጥ ብለው፣ እንደ ሁልጊዜው ተከብረው ይራመዳሉ። መዳፋቸው ግድግዳውን እየዳሰሰ መጣ፣ መጣና መሰላሉን ነካ። ቆሙ። ጣቶቻቸው እንጨቱን ወደ ላይ ሄዱበት፣ ወደ ታች ወረዱበት። ሻዩ አልፈሰሰም።

ባሌ ከጎናቸው ቆሟል። እጁን ቢዘረጋ ትከሻቸውን ይነካል። የኮሪደሩ መስኮት ክፍት ነው፣ ፀሐዩም ሁለቱንም ያበራቸዋል።

«የት ሄድክ አንተ?» አሉ እትዬ፣ ወደ መኝታ ክፍሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሻይህ ሊበርድ ነው።»

ባሌ ወደ እኔ አየ። እኔም ዕንባዬን ያዝኩ።

«እዚህ ነኝ፣ እትዬ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር።

ምን ያህል ቅርብ እንደቆመ ከድምፁ አወቁ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ አንድ ነገር ደብቀው ሲኖሩ የተያዙ ሰው ፊት ነው። ብርጭቆውን ዘረጉለት፣ ተቀበላቸው። ከዚያ እጃቸውን ይዞ ኩሽና ወሰዳቸውና ሦስታችንም ተቀመጥን።

«መጀመሪያ አምፖሉ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ደጋግሜ አስለወጥኩህ አይደል? አንተም ሳትሰለች ለወጥክልኝ። በኋላ አምፖሉ እንዳልሆነ ገባኝ። አሁን አንዱ ዓይኔ ጭራሽ የለም። በዚህኛው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው መሐሉን ብቻ አያለሁ፤ ከጎን ያለው ሁሉ ጠፍቷል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ምን ልትሆን? ልጄ ይሰማና ፎቅ ላይ ያስቀምጠኛል። እዚህ እኮ ዓይን አያስፈልገኝም። ግድግዳውን ይዤ እነሳለሁ፣ ግድግዳውን ይዤ እተኛለሁ። እዚያ የማላውቀው ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተጥዬ ነው የምውለው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ይቅር በይኝ። ገበያ መንገድ ላይ አልፌሽ ሄድኩ መሰለኝ። ካለፍኩ በኋላ ነው ሽቶሽ የደረሰኝ።»

ያን ሁሉ ጊዜ በኩርፊያ የተነፋ ሆዴ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ከወንበሩ ጫፍ ተነስቼ አጠገባቸው፣ ሙሉ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና እጃቸውን ያዝኩ። ቫዝሊኑ እጄ ላይ ቀረ።

«ለልጄ የሆነውን ንገረው» አሉ ለወንድማቸው። «ሳታጥበው ቀባህ፣ ተላጠ። ውሸት የለበትም።»

«ያለማጠቤን አውቀሽ ነበር?»

«ውሃውን ደጅ ስትደፋው ሰማሁ። ቤቴን አከበረልኝ ብዬ ደስ አለኝ» አሉ።

ማምሻውን ልጁ ደወለ። ባሌ ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማው አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ ለቀለም ቀቢ ከዚያ የባሰ የሌለውን ቃል አወጣ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው። እርጥበት የለም። ግድግዳውን ሳላጥብ ነው የቀባሁት።»

ልጁ መጀመሪያ ሳቀ። «ማን? አንተ? ሳሙና?» አለ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። «አጎቴ፣ እናቴ እንዳትሄድ ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን አንተ ግድግዳ ሳታጥብ ቀለም ቀባህ ብሎ የሚያምን ሰው የለም። ቤቱ እርጥብ ነው ማለት ነው። እመጣለሁ፣ እወስዳታለሁ።»

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጥብ ኖሮ ያተረፈው ስም እንዲህ ጉድ ይሠራኛል ብሎ መቼ አስቦ ያውቃል። የልጁ ቃል አንገቱን አስደፋው፤ ውሸታም ተብሎ አያውቅም። እትዬ የመከፋቱን ትንፋሽ ሰሙት መሰለኝ፣ እጃቸው በጠረጴዛው ላይ እየፈለገ ስልኩን አገኘ።

«አጎትህ አይዋሽም» አሉ። «ሳያጥበው ነው የቀባው። ቅባቱ የእኔ እጅ ነው። ግድግዳውን ይዤ የምሄደው ዓይኔ ስለማያይ ነው።»

ሁሉንም ነገሩት። ያን ሁሉ ጊዜ የደበቁትን ነገር ባሌን ለማዳን ብለው አንድ ሳያስቀሩ አወጡት። «እመጣለሁ» ብቻ አለ ልጁ፤ ሊወስዳቸው ይሁን ሊያያቸው አልለየም።

እስኪመጣ ድረስ ሳሙና ሥራ ጀመረ። የተላጠውን ፋቀ፣ ከዚያ ባልዲውን አስገባ። ሆኖም መጀመሪያ ላይ እጁ ፈራ፤ ጨርቁን ግድግዳው ላይ ለስሙ ብቻ ነው የሚያስነካው። እትዬ ድምፁን ሰምተው መጡና «እሸው እንጂ! አሁንም ትፈራኛለህ?» ብለው ጨርቁን ነጠቁት። ወንድምና እህት ጎን ለጎን ቆመው ያንን ግድግዳ አጠቡት። እሳቸው የሚያጥቡትን አያዩትም፤ ግን አንድም ቦታ አልዘለሉም። እኔ ውሃ እያመላለስኩ አያቸው ነበር፤ እነዚህን ሁለት ሰዎች እንደዚያን ቀን ወድጃቸው አላውቅም።

ሲደርቅ የዘይት ቀለም ቀባው፤ እጅ ቢሄድበት የማይላጥ፣ በጨርቅ የሚጠረግ። ኩሽናው ደረጃ አጠገብ ሲደርስ ግን ቀለሙ ውስጥ የተነፋ አሸዋ ጨምሮ አንድ ስንዝር የሚሆን ቦታ ሻካራ አደረገ። ቁም ሳጥኑ ጥግ ላይም እንዲሁ። መዳፍ እዚያ ሲደርስ ደረጃው እንደቀረበ ያውቃል። ለማያውቅ ሰው የቀቢ ስንፍና ነው የሚመስለው፤ እሱ ግን ግድ አልሰጠውም።

ልጁ በወሩ መጨረሻ መጣ። ባዶ ሻንጣ ይዟል፣ ትልቅ። ሻንጣውን መኝታ ክፍሉ በር ላይ ሲያስቀምጠው እትዬ በእግራቸው ነኩት፣ ምን እንደሆነም አወቁ፤ ግን «ተጫወት» ብለው ሻይ ሊያፈሉ ሄዱ። በማግስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ይዟቸው ሄደ። የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ጠብታ ሊያቆየው እንደሚችል ተነገራቸው። ጠብታውን ጠዋት ጠዋት የማደርግላቸው እኔ ነኝ አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ሊመለስ ባለበት ጠዋት ግን ገና ምንም አልተናገረም። ሻንጣውም እዚያው በሩ ላይ ነው። የመኪናውን ሞተር ከፍቶ ሲነካካ ቆየና ገባ። እኔ ኩሽና ውስጥ ነበርኩ፤ እሱ እንደማየው አላወቀም። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ መኝታ ክፍሉ በር አጠገብ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ግድግዳው ላይ አደረገ። መጀመሪያ እግሩ ይጎተት ነበር፣ ከዚያ ደፈር አለ። ቁም ሳጥኑ ጋ ሻካራውን ሲያገኝ ቆመ፣ ዞሮ አለፈ። የመጨረሻው ሻካራ ላይ ሲደርስ መዳፉን ለረጅም ጊዜ አቆየው። ከዚያ ደረጃዋን ወርዶ፣ ዓይኑን ሳይከፍት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጉንጩ ረጥቧል።

«እማዬ» አለ፣ እትዬ ከጓሮ ሲገቡ። «ሻንጣውን እዚሁ ልተወው። ልብሴን አስቀምጥበታለሁ፤ ከእንግዲህ ቶሎ ቶሎ ነው የምመጣው።»

እትዬ ስኳሩን ሻዩ ውስጥ ጨምረው ረጅም ጊዜ አማሰሉት።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሳሙና ኮሪደሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። አዲሱ ግድግዳ ላይ፣ ከመኝታ ክፍሉ በር ጀምሮ፣ የመኪና ዘይት የነካ የእጅ መስመር ተሥሏል። ጨርቁን ከትከሻው ላይ አወረደ። ከዚያ መልሶ ትከሻው ላይ ጣለው።

«ዘይት ዘይት ይሸተኛል» አሉ እትዬ ከኋላችን።

«ልጅሽ ነው። ግድግዳሽን አጥቁሮልሽ ሄደ።»

«የት ጋ ነው?»

ሳሙና እጃቸውን ይዞ በሩ አጠገብ፣ መስመሩ መጀመሪያ ላይ አደረገላቸው። እሳቸውም በቀስታ ተከትለውት ሄዱ፣ ቁም ሳጥኑን አለፉ፣ ሻካራው ላይ ቆሙ።

«እስከ ኩሽና ድረስ ነው?»

«እስከ ኩሽና ድረስ ነው፣ እትዬ።»

መዳፋቸውን ከግድግዳው አላነሱም። «እንግዲያው ነገ ታጥበዋለህ» አሉት።

«ነገ» አለ ሳሙና።

ያ ነገ እስካሁን አልደረሰም።